21 ጊዜ ተከታትሎ የተሸነፈ ቡድን ደጋፊ ለወጣቶች

ይድረስ ለእናንተ ለወጣቶቹ፣

ቤዝቦልን የማታውቁት ስለምትበዙ ጥቂት ላስረዳ። በአሜሪካ ዋናው ሊግ አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ ይህም በስድስት ወር ውስጥ፣ ከሞላ ጎደል በየቀኑ ማለት ነው። የእግር ኳስ ደጋፊ ቡድኑ ሲሸነፍ ለማዘን፣ ለመከራከር፣ ዳኛውንም ለመርገም ብዙውን ጊዜ አንድ ሙሉ ሳምንት አለው። የቤዝቦል ደጋፊ ግን ሐዘኑን ሳይጨርስ በማግስቱ ማታ ሌላ ጨዋታ ይጠብቀዋል። 100 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ድንቅ ይባላል፤ ያው ድንቅ ቡድን 62 ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ከሜዳ ወጥቷል። ከ10 ሙከራ 3 ጊዜ የሚሳካለት መቺ (የተወረወረለትን ኳስ በዱላ የሚመታው ተጫዋች)፣ ይህንኑ ለዓመታት ከቀጠለበት፣ ከታላላቆቹ ተርታ ይመደባል። ይህን ጨዋታ ለሚወድ ሰው ሽንፈት እንግዳ ሳይሆን ቤተኛ ነው።

ቤተኛም ቢሆን ግን ልክ አለው። የምጽፍላችሁ ልኩ ስላለፈበት ዓመት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ ታሪኩ የእነሱ ስለሆነ።)

እኔ በሙያዬ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርሁ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በ1980ዎቹ እንደ ብዙዎቹ የዘመኔ ሰዎች በስደት አሜሪካ ገብቼ ኑሮዬን ሜሪላንድ ውስጥ ባልቲሞር ከተማ አደረግሁ። አብዛኛው ወገናችን ዋሽንግተንን ይመርጥ ነበር። ዋሽንግተን ግን ያን ጊዜ የቤዝቦል ቡድን አልነበራትም፤ የነበራት ከ1971 በኋላ ጥሏት ሄዶ እስከ 2005 ድረስ ያለ ቡድን ቆይታለች። ባልቲሞር ኦሪዮልስ ነበረላት። እኔ የማታ ተረኛ ነበርሁ። በሥራ ክፍሉ ጥግ ትንሽ ሬዲዮ ተቀምጣ፣ ጆን ሚለር የሚባለው አስተላላፊ ጨዋታውን ከዚያ ይተርክልን ነበር። እንግሊዝኛ የምሰማው ጆሮዬ የተቃናው በትምህርት ቤት ሳይሆን በእሱ ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም። ኦሪዮልስን የመረጥሁት አስቤበት አይደለም። ሰው ሰፈሩን እንደሚወድ ነው የወደድሁት።

በ1988 ኤፕሪል 4 የውድድር ዘመኑ ሲከፈት ኦሪዮልስ በገዛ ሜዳው በሚልዋኪ ብሩወርስ 12 ለ0 ተሸነፈ። የመጀመሪያ ቀን ነው ተብሎ ታለፈ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ጨዋታ ተሸነፈ። ከዚያ በፊት አንድ ቡድን የውድድር ዘመኑን ሲጀምር ተከታትሎ የተሸነፈበት ከፍተኛው ቁጥር 13 ነበር። ዋሽንግተን በ1904፣ ዲትሮይት በ1920 የደረሰባቸው ነው። ኦሪዮልስ 13ኛውን አልፎ ሄደ፣ 20ኛውንም አለፈ። ሲቆም 21 ደርሶ ነበር። ይህን ደብዳቤ እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ከዚያ የከፋ አጀማመር ያየ ቡድን የለም።

እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው ለደካሞች ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። በዚያ ቡድን ውስጥ ኤዲ መሬይና ካል ሪፕከን ነበሩ፤ ሁለቱም ኋላ በቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገብተዋል። ጥሩ ሠራተኛ በመጥፎ ወቅት ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ይህን ያህል ግልጽ ማስረጃ ሌላ ቦታ አላየሁም። የሥራ ማመልከቻችሁ ተራ በተራ ሲመለስባችሁ፣ ወይም የመሥሪያ ቤታችሁ ዓመት እንዳልነበረ ሲሆን፣ መጀመሪያ ራሳችሁን የምትወቅሱ ከሆነ የእነዚህን ሁለት ሰዎች የዚያን ወር ሁኔታ አስቡ።

የክለቡ ኃላፊዎች ምን አደረጉ? ስድስት ጨዋታ እንደ ተሸነፉ አሠልጣኙን አባረሩ። አሠልጣኙ የካል አባት፣ ስሙም ካል ሪፕከን ነው። ሁለት ልጆቹ፣ ካልና ቢሊ፣ በዚያው ሜዳ ላይ ይጫወቱ ነበር። በምትኩ ፍራንክ ሮቢንሰን መጣ። ሮቢንሰን ተራ ሰው አይደለም። በተጫዋችነቱ ከታላላቆቹ አንዱ፣ በ1975 ደግሞ በዋናው ሊግ ቡድን የመራ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ነው። እሱም ከተሾመ በኋላ ቡድኑ 15 ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ። ፕሬዚዳንት ሬገን እንኳ አይዞህ ሊሉት ስልክ ደውለዋል።

እዚህ ላይ ሙያዬ ያናግረኛል። በላቦራቶሪ አንድ ውጤት ከወትሮው ሲያፈነግጥ መጀመሪያ ምርመራውን እንደግማለን። ደግሞም ካፈነገጠ መሣሪያውን፣ ኬሚካሉን፣ ናሙናው የተቀመጠበትን ሙቀት አንድ በአንድ እንፈትሻለን። ያለፉትን ሳምንታት መዝገብ አውጥተን ችግሩ ዛሬ የጀመረ ነው ወይስ ቀስ በቀስ ሲመጣ የነበረ ብለን እንጠይቃለን። ባለሙያውን ማባረር በዝርዝሩ ውስጥ ካለም መጨረሻ ላይ ነው። የኦሪዮልስን መዝገብ ያገላበጠ ሰው ደግሞ በሽታው የስድስት ጨዋታ እንዳልሆነ ወዲያው ያይ ነበር። ቡድኑ በ1983 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1986 ከምድቡ መጨረሻ ወጣ፤ በ1987 95 ጨዋታ ተሸነፈ። ከታች ታዳጊዎችን የማፍራቱ ሥራ ተዳክሞ፣ ክፍተቱ ስም ባላቸው ነባር ተጫዋቾች ግዢ ሲሸፈን ከርሟል። ለዓመታት የተጠራቀመውን ዕዳ አንድ ሰው በስድስት ጨዋታ እንዲከፍል ተደረገ። እናንተም አንድ ቀን የበላይ ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ ቁጣችሁን ለማብረድ የምትወስዱትንና ችግሩን የሚፈታውን ርምጃ ለዩ፤ ሁለቱ አንድ ላይ የሚገጥሙት ከስንት አንዴ ነው።

ስለ አባት ሪፕከን አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች የሚረሱት ነው። በዓመቱ ወደዚያው ክለብ ተመልሶ የተባረረበትን ወንበር በወሰደው ሰው ሥር በረዳትነት ሠርቷል። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አላደርገውም ነበር። ሆኖም ሥራውን ከሹመቱ አስበልጦ የሚወድ ሰው እንዳለ ያወቅሁት ከእሱ ነው።

ደጋፊው በእነዚያ ሳምንታት እንዴት ሰነበተ? ወረተኛው በሦስተኛው ቀን ሬዲዮውን ዘጋ። ሌላው ሁልጊዜም አውቄው ነበር እያለ መፎከር ጀመረ። ከእሱ ይልቅ ወረተኛው ይሻላል፣ ቢያንስ ዝም ብሏል። አንድ የከተማው የሙዚቃ ሬዲዮ አዘጋጅ ደግሞ ቡድኑ እስኪያሸንፍ ከስቱዲዮ አልወጣም ብሎ ማለ፤ መሐላው ከ10 ቀናት በላይ አስቀመጠው። ከተማው ሳቀ፣ እኛም ሳቅን፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሳቅ ያስፈልጋል። ለእናንተ ግን አልመክረውም። በሌላ ሰው እጅ ባለ ነገር አትማሉ፤ ‘ይህን ካላገኘሁ አላገባም፣ ቪዛው ካልመጣ ትምህርት አልጀምርም’ የሚሉ ስንት ወጣቶች አይቻለሁ።

በሥራ ክፍላችን ያየሁት ሌላ ዓይነት ደጋፊ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ጨዋታው ሲያልቅ ውጤቱን በእርሳስ ወረቀት ላይ ይመዘግባሉ። ቤዝቦል ለዚህ የሚመች ጨዋታ ነው፤ ማን መታ፣ ማን ሳተ፣ ኳሱ ወዴት ሄደ፣ ሁሉም በየዙሩ በትንንሽ ሣጥኖች ይሞላል። እሳቸው በ17ኛውም በ18ኛውም ሽንፈት ሣጥኖቹን ሳይዘሉ ሞሉ። ‘ዛሬ ወርዋሪው ደህና ነበር፣ ያጠፋው ተከላካዩ ነው’ ይላሉ። አያለቅሱም፣ አይዋሹምም። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ የሚባለው እንዳይደርስባቸው ይመስለኛል፣ ያዘኑበትን ነገር በትክክል ያውቁት ነበር። እኔም መመዝገብ የተማርሁት ከእሳቸው ነው።

ኤፕሪል 29 ቺካጎ ላይ ኦሪዮልስ ዋይት ሶክስን 9 ለ0 አሸነፈ። ተአምሩ ያልተነገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ደግሞ ሁለት ጊዜ ተሸነፈ! ሜይ 2 ወደ ባልቲሞር ሲመለስ 1 ጊዜ አሸንፎ 23 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ነበር። በዚያ ማታ ሜሞሪያል ስታዲየም የገባው ሕዝብ 50,402 ነው።

ሰው ለምን መጣ? ባልቲሞር በ1984 የአሜሪካን እግር ኳስ ቡድኗን ኮልትስን በአንድ ሌሊት ተነጥቃለች፤ ባለቤቱ ዕቃውን በጭነት መኪናዎች አስጭኖ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ወሰደው። የኦሪዮልስ ባለቤት ኤድዋርድ ቤኔት ዊልያምስ ደግሞ የዋሽንግተን ጠበቃ ነበሩና ይህንንም ይወስዱብናል የሚል ስጋት ከከተማው አልወጣም ነበር። የዚያን ማታ አገረ ገዥው ዊልያም ዶናልድ ሼፈር ሜዳው መሐል ቆመው ክለቡ በባልቲሞር ለ15 ዓመት የሚያቆየውን የስታዲየም ውል መስማማቱን አስታወቁ። ከዚህ ስምምነት የወጣው አዲሱ ስታዲየም ካምደን ያርድስ በ1992 ተከፈተ። ሕዝቡ ያጨበጨበው ለ23 ሽንፈት አልነበረም። ጠዋት ተነሥቶ ቡድኑን በቦታው ማግኘቱን ነው ያጨበጨበው። በዚያ ማታ ቴክሳስ ሬንጀርስን 9 ለ4 አሸነፉ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ያምር ነበር፤ አላበቃም። ዓመቱ በ54 ድልና በ107 ሽንፈት ተዘጋ። የደጋፊው ፍቅር አንድም ኳስ አልመታም፣ ይህን ልንክደው አይገባም። ነገሩን የቀየረው በዝምታ የተሠራው ነው። በሐምሌ ማይክ ቦዲከር የተባለውን ጥሩ ወርዋሪ ለቦስተን ሰጥተው ብሬዲ አንደርሰንንና ኩርት ሺሊንግን፣ ሁለት ያልታወቁ ወጣቶችን ወሰዱ። ለታዳጊዎች ቦታ ተለቀቀ። በ1989 ይኸው ቡድን 87 ጨዋታ አሸነፈ፤ ምድቡንም ለማሸነፍ እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ታገለ። ቶሮንቶ ሄዶ በወሳኞቹ ጨዋታዎች ተሸንፎ ሁለተኛ ወጣ። ሮቢንሰን የዓመቱ አሠልጣኝ ተባለ። አንደርሰን ኋላ በ1996 በአንድ ዓመት 50 ሆም ራን (ከሜዳው አጥር በላይ የሚያልፍ ምት) መታ። ሺሊንግን ግን ችኮላ አስወሰደን፤ በ1991 ለአንድ ስመ ጥር መቺ ሲሉ ከሌሎች ሁለት ጎበዞች ጋር ለሂዩስተን ሰጡት። መቺው ተጎድቶ ብዙም አልጠቀመ፤ የሰጠናቸው ሦስቱ በየሄዱበት አበቡ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

አሁን አንድ ነገር ለይታችሁ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ ይህ ሁሉ ወሬ ያለቦታው ከገባ ጉዳት አለውና። ደጋፊ ከፍሎ ይገባል፤ ሠራተኛ ተከፍሎት ነው የሚገባው። ደመወዛችሁን ለወራት የማይከፍል፣ የሠራችሁትን በሌላ ስም የሚያቀርብ አለቃ ‘ታማኝነት የት አለ’ ሲላችሁ የኦሪዮልስን ታሪክ አስታውሳችሁ እንዳትቀመጡለት። ለአሠሪ ሠራተኛ እንጂ ደጋፊ አትሁኑ። ትዳርም፣ ወዳጅነትም እንዲሁ የራሳቸው ሚዛን አላቸው። በነጻ መጽናት የምትችሉበት ቦታ ቢኖራችሁ ግን መልካም ነው። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲጠብቁ ኖረው፣ በ2003 በእኛ አቆጣጠር አግኝተውት፣ እንደገና ይጠብቃሉ።

ሌላው የውርርዱ ነገር ነው። አዲስ አበባ ስመጣ በየመንደሩ የማያቸው የውርርድ ቤቶች ያሳስቡኛል። ገንዘብ ያስያዘ ሰው ጨዋታውን አያይም፤ ወረቀቱን ነው የሚያየው። በ21 ሽንፈት ያልደከሙት የጽዳት ሠራተኛ በየማታው ቢወራረዱ ኖሮ ሰባተኛው ላይ የቤት ኪራይ ባጡ ነበር። ደግሞም የተሸነፈ ተወራራጅ እንዲመለስለት ብሎ ይጨምራል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ የሚወዱትን ቡድንም ያስጠላል።

ኦሪዮልስ ከዚያ ወዲህ ያልከፋበት ዘመን ጥቂት ነው። በ2018 115 ጊዜ፣ በ2021 110 ጊዜ ተሸነፈ፤ በ2021 ነሐሴ ላይ 19 ተከታታይ ሽንፈት ነበረበት። ልጆቼ ‘አባዬ አሁንስ ይበቃሃል’ አሉኝ። የመዘገብሁትን ወረቀት አሳየኋቸው፤ ሴድሪክ ማሊንስ የሚባል ወጣት በዚያ ክፉ ዓመት 30 ሆም ራን መትቶ 30 ቤዝ ሰርቋል (ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ቀጣዩን ማረፊያ ይዟል)፣ በኦሪዮልስ ታሪክ ከእሱ በፊት ማንም አላደረገውም። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው ይህ ያመልጠዋል። በ2018 መጨረሻ መውጣታቸው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ከአዳዲስ ወጣት ተጫዋቾች ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ሰጣቸውና አድሊ ረችማንን ወሰዱ። በ2023 ቡድኑ 101 ጨዋታ አሸነፈ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ቴክሳስ ሬንጀርስ በ3 ተከታታይ ጨዋታ ከውድድሩ አስወጣው። የሦስቱንም ወረቀት ሞልቻለሁ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጨዋታ ወርዋሪዎቻችን ገና በሁለተኛው ዙር ክፉኛ ተመትተዋል። የተከላካዮቹ ጥፋት አልነበረም።