የቤተሰባችን ስም ብሩስ ስለሆነ የንጉሥ ሮበርት ዘር ነን ማለት ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንደገባኝ ከሆነ ባለቤትሽ ስኮትላንዳዊ ነው፣ የቤተሰቡ ስም ብሩስ ነው፣ አማትሽ ደግሞ «ከጥንቱ የስኮትላንድ ንጉሥ ከሮበርት ነው የምንወለደው፤ እናንተ አገር ጎንደር ድረስ የሄደው ጄምስ ብሩስም የኛው ሰው ነው» ይላሉ። ልጆችሽ የዘር ሐረግ ሥሩ ስለተባሉ እውነቱን ማጣራት ፈልገሻል። እኔ የምኖረው ኤድንብራ ነው። የሚስቴን ቤተሰብ ሐረግ ስፈልግ ከስኮትላንድ መዝገቦች ጋር ብዙ ምሽት ስላመሸሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ከሥሩ የስኮትላንድ አይደለም። ሰሜን ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ውስጥ፣ ከሼርቡርግ ወደብ ብዙም የማይርቅ ብሪ የሚባል መንደር አለ፤ ብሩሶች ስማቸውን ያመጡት ከዚያ ነው። ከነሱ አንዱ፣ ሮበርት ደ ብሩስ፣ መጀመሪያ የእንግሊዙን ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪን አገለገለ። በ1124 ገደማ ደግሞ የስኮትላንዱ ንጉሥ ቀዳማዊ ዴቪድ በደቡብ በኩል ያለውን የአናንዴልን ምድር ሰጠው። ከዚያ በኋላ ሮበርት በሮበርት ላይ እየተደረበ ስለሚመጣ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ራስ ያዞራል። አማትሽ የሚሉት በ1306 ስኩን ላይ ዘውድ የጫነው፣ በ1314 ባኖክበርን ላይ የእንግሊዝን ጦር ድል ያደረገው ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ንጉሥ ሮበርት በ1329 ሲሞት ልጁ ዳግማዊ ዴቪድ ነገሠ፤ እሱም በ1371 ልጅ ሳይተካ ሞተ። ዙፋኑ የሮበርት ሴት ልጅ ማርጆሪ ለወለደችው ለሮበርት ስቱዋርት አለፈ። የንጉሡ ደም የቀጠለው በስቱዋርቶች በኩል ነው፤ እነሱ ደግሞ ብሩስ አይባሉም። በሕጋዊው የወንድ መስመር ከንጉሡ ወርዶ ዛሬ ብሩስ የሚባል ሰው የለም። ትልቁ የብሩስ ቤት የክላክማናን ብሩሶች ነው። ዳግማዊ ዴቪድ በ1359 ለነሱ አባት ርስት ሲሰጥ በጽሑፉ ላይ «ዘመዳችን» ብሎታል፤ በምን በኩል እንደሚዛመዱ ግን አልጻፈም። ዛሬ የብሩሶች ሁሉ አለቃ የሚባለው የኤልጊን ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) የሚመጣው ከዚህ ቤት ነው። አማትሽ ዝምድና ካላቸውም የመንገዱ መጀመሪያ ወደዚህ የሚወስድ ይመስለኛል እንጂ በቀጥታ ወደ ንጉሡ አይደለም።

አሁን ወደ ጎንደሩ ሰው ልምጣ፤ ለኔ ከሁሉ የሚጥመው ይሄ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1730 ኪኔርድ በሚባል ርስት ተወለደ፤ ላርበርት ከተማ አጠገብ ነው። በ1769 ምጽዋ ደረሰ፣ በ1770 ጎንደር ገባ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ግሽ ዓባይ ሄዶ ምንጩን አየ። መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ይዞ የተመለሰውም እሱ ነው። (ለንደን ሲደርስ ስለ ጥሬ ሥጋ ያወራውን ሰምተው ውሸታም አሉት፤ ጎንደር ላይ ቢነግራቸው ማን ይገረም ነበር!) የአባቱን መስመር ከቆጠርሽ ግን ይሄ ሰው ብሩስ አይደለም፤ ሄይ ነው። ርስቱን የወረሰችው ሴት አያቱ ሄለን ብሩስ ነበረች፤ ዴቪድ ሄይ የሚባል ሰው ሲያገባት የሷን ቤተሰብ ስም ያዘ፣ ልጆቹም ብሩስ ተባሉ። እዚያም አልቆመም። የጄምስ ብሩስ የልጅ ልጅ ርስቱን ስትወርስ ያገባት ሰው ከሚንግ ነበር፤ ከሚንግ ብሩስ ሆነ። የሷም የልጅ ልጅ ለተርሎው ቤት ተዳረችና ዛሬ ሐረጉ ያለው ሆቬል ተርሎው ከሚንግ ብሩስ በሚል ረጅም ስም ነው። ስሙ የተከተለው ደሙን ብቻ ሳይሆን ርስቱን ነው። አማትሽ «የኛው ሰው» ካሉ በየትኛዋ ሴት በኩል እንደሆነ ጠይቂያቸው።

በሌላ በኩል ደግሞ ርስትም ደምም ሳይኖራቸው ስሙን የያዙ አሉ። አንዳንድ ጭሰኛ የጌታውን ስም ይይዝ ነበር። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእናቱ ስም ይመዘገባል። የሚስቴን ቅድመ አያት የልደት መዝገብ ስናገኝ የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር። ከልጁ ስም ሥር «ከጋብቻ ውጭ» የሚል አለ፤ በግራ ሕዳጉ ላይ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ፣ በቀጭን ብዕር የተጻፈ፣ ወደ እርማት መዝገብ (በኋላ የመጣ ለውጥ ወደሚጻፍበት) የሚመራ ማስታወሻ። እሱን ተከትለን ስንሄድ ፍርድ ቤት አባትነቱን የወሰነበት ጽሑፍ ወጣ፤ አባትየው የእርሻ ሠራተኛ ነው። ቤተሰቡ ሲኮራበት የኖረው ስም የእናትየዋ ነበር። አማቴ መጀመሪያ ዝም አሉ፣ በኋላ ግን ለሁሉም ሰው ራሳቸው ያወሩ ጀመር።

ስለዚህ ከንጉሡ ወደ ታች አትውረጂ፤ ከባለቤትሽ ወደ ላይ ውጪ። ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ስም መፈለግ ነጻ ነው፣ የመዝገቡን ምስል ለማየት ግን ትንሽ ይከፈላል። ለግል ምስጢር ሲባል ልደት 100፣ ጋብቻ 75፣ ሞት 50 ዓመት ካልሞላው ምስሉ በኢንተርኔት አይታይም። የመንግሥት ምዝገባ የጀመረው በ1855 ነው፤ የዚያ ዓመት የልደት መዝገብ የወላጆችን፣ የሞት መዝገቡ ደግሞ የሟቹን የትውልድ ቦታ ሳይቀር ስለሚይዝ በዚያ ዓመት የተወለደ ወይም የሞተ ሰው ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እኔ የምጀምረው ሁልጊዜ ከሞት መዝገብ ነው። የሁለቱም ወላጆች ስም፣ እናትየዋም ከነአባቷ ቤት ስም፣ እዚያ ይገኛል። በ1860 በ80 ዓመታቸው የሞቱ ሰው ካገኘሽ በአንድ ወረቀት በ18ኛው መቶ ዘመን የኖሩ ወላጆቻቸውን አገኘሽ ማለት ነው። ሞቱን ያስመዘገበው ማን እንደሆነ ደግሞ እዪ፤ ልጅ ከሆነ እመኚው፣ ጎረቤት ከሆነ ጠርጥሪ። ከ1855 በፊት ያለው የየደብሩ መዝገብ ነው፤ አንዳንዱ ደብር በደንብ ጽፏል፣ አንዳንዱ ጭራሽ የለም። ስሙን ስትፈልጊ በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጊ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤድንብራ ሮያል ማይል ላይ ያሉ ሱቆች «የብሩስ ቤተሰብ ጋሻ» ብለው ወርቃማ መደብ ላይ ሰያፍ ቀይ መስቀል ያለበት ሥዕል በፍሬም ይሸጣሉ። ለግድግዳ ጌጥ ከሆነ ምንም አይደለም። በስኮትላንድ ሕግ ግን ጋሻ ዓርማ የአንድ ሰው እንጂ የስም አይደለም፤ ሎርድ ላዮን የሚባለው ሹም የሚቆጣጠረው ከ1672 ጀምሮ የሚጻፍ መዝገብ አለው። ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሥራቸው ባይለጥፉት ይሻላል።

የባለቤትሽ ወንድ አያት የሞቱበት ዓመትና ከተማ ካወቅሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ማውጫውን አይቼ የትኛው መዝገብ መከፈል እንዳለበት እነግርሻለሁ። የሴት አያቱንም የአባት ቤት ስም አትርሺ፤ ብሩስ የሚባል ሰው ብዙ ነው፣ ያለሷ መለየት አይቻልም።