ስለ ፊትነስ ምርመራ እና ስለ ላቦራቶሪ ሥራ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ (ከሀዋሳ)

ሰላም ቤተሰብ። የስፖርት ሳይንስ ሰው ነኝ፣ ሀዋሳ ነው ያለሁት፣ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው ትሬድሚል ላይ እያስሮጥኩ ትንፋሹን ስለካ ነው ቀኔ የሚያልቀው። ሰሞኑን ፍቅር ሐይቅ ዳር ጠዋት የሚሮጠው ሰው በጣም በዝቷል፣ ደስ ይላል፣ እና "ቪኦቱ ማክሴ ስንት ይሆን" የሚለኝም አብሮ በዝቷል። የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ። ዓመት ስጠቅስ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

"ቪኦቱ ማክስ ግን ምንድነው በቀላል አማርኛ?"

ሰውነትህ አቅሙ እስኪያልቅ ሲሠራ በ1 ደቂቃ ውስጥ ቢበዛ ምን ያህል ኦክስጅን መጠቀም ይችላል ነው ነገሩ። ሳንባ ያስገባል፣ ደም ይሸከማል፣ ልብ ይረጫል፣ ጡንቻ ይጠቀማል፣ የሁሉም ድምር ነው። ለኪሎህ ይካፈልና በኪሎ በደቂቃ ይህን ያህል ሚሊሊትር ይባላል። ስፖርት የማይሠራ ወጣት ወንድ 40 አካባቢ ነው፣ ትልልቆቹ ሯጮች ከ70 በላይ። ሀሳቡን በ1920ዎቹ ያመጣው ኤ ቪ ሂል የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ ራሱም እየሮጠ የሚያስወጣውን አየር በከረጢት እየሰበሰበ ነበር የሚለካው።

"ጓደኛዬ ጀርመን ተለክቶ 58 ወጣለት፣ እኔ እዚህ 53። እዚህ እያለ እኩል ነበር የምንሮጠው፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?"

ላይሆን ይችላል ወንድሜ። ሀዋሳ ከባህር ወለል 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍ ትላለች። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚህም ጀርመንም ያው 20.9 በመቶ ነው፣ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፣ ባህር ወለል ላይ 760 የሆነው እዚህ ወደ 620 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል፣ ስለዚ በአንድ ትንፋሽ የምታስገባው ኦክስጅን ያንሳል፣ ቁጥሩም በዛው ልክ ባይሆንም ዝቅ ይላል። ግን ደግሞ ማሽኑን ማን አዘጋጀው የሚለውም ትልቅ ነገር ነው። ተማሪ እያለሁ የተለማመድኩበት አንድ ቦታ ላይ ግፊቱ በእጅ የሚሞላበት አሮጌ ማሽን ነበር፣ የሆነ ሰው 760ው ላይ ትቶት ሄዷል፣ እኛም ሳናየው ጠዋቱን ሙሉ 6 ሰው ለካን፣ ሁሉም ጀግና ሆኖ ወጣ፣ በእውነት 45 የሆነው ልጅ 55 ምናምን ተጻፈለት። ስህተቱ ከ20 በመቶ በላይ ነው፣ ዳታው በሙሉ ተጣለ፣ እነዛ ልጆች እስኪተፋቸው የሮጡት በከንቱ ቀረ፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ከዛ በኋላ ማንም ትሬድሚል ላይ ከመውጣቱ በፊት ማሽኑን ግማሽ ሰዓት አሙቄ፣ መጠኑ በሚታወቅ ጋዝ ፈትሼ፣ በ3 ሊትር ሲሪንጅ አየር እየገፋሁ ካሊብሬት ሳላደርግ አልጀምርም። ስለዚ ያንተን 53 ከጓደኛህ 58 ጋር አታወዳድረው። ከ3 ወር በኋላ እዛው ማሽን ላይ፣ በዛው ሰዓት ተለካና ከራስህ 53 ጋር አወዳድር።

"ሲለካ ምን ይሰማል? ፈርቼ ነው 😅"

አትፍሪ እህቴ። አፍና አፍንጫሽን የሚሸፍን ማስክ ይደረግልሻል፣ ደረትሽ ላይ የልብ ምት ቀበቶ ይታሰራል፣ በቀስታ ትጀምሪና በየደቂቃው ፍጥነቱ ወይም ዳገቱ ይጨምራል። ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ማስኩ ስላለ ማውራት አትችዪም፣ ስለዚ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት አለ፣ ከ6 እስከ 20 የተጻፈበት፣ ቦርግ የሚባል ስዊድናዊ የሠራው መለኪያ ነው፣ ምን ያህል እንደከበደሽ በጣት ነው የምታሳዪው። መጀመሪያ ላይ ሰው 9 ላይ፣ 11 ላይ ረጋ ብሎ ይጠቁማል፣ ወደ መጨረሻ ግን ጣቱ ይንቀጠቀጣል፣ ማስኩ ስር ላቡ አገጩ ላይ ይጠራቀማል፣ አይኑ ወረቀቱን ትቶ እኔን ማየት ይጀምራል። ያኔ 19 መሆኑን ሳይጠቁመኝም አውቃለሁ። ከጎንሽ ሁልጊዜ ሰው ይቆማል። መብራት ቢሄድስ ላላችሁኝ፣ ትሬድሚሉ ድንገት ሊቆም ስለሚችል ነው አንድ ሰው ከኋላ የምናቆመው።

"ቡና ጠጥቼ ብመጣ ችግር አለው?"

አዎ አለው፣ በተለይ የልብ ምትሽ ላይ ተመስርተን የምንገምትበት ቀለል ያለው ምርመራ ከሆነ። ከምርመራው በኋላ ጠጪ። ጫትም እንደዛው ነው፣ ይሄን በግልጽ ልናገር ምክንያቱም እዚህ ከተማ ብዙ ሰው ይቅማል፣ ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር የልብ ምትንም ደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፣ ቅሞ የመጣን ሰው እስከመጨረሻ ማስሮጥ ለሱም አደጋ ነው። ንገሩን፣ ማንም አይቆጣችሁም፣ ሌላ ቀን እንቀጥራለን።

"ሁዳዴ እየጾምኩ ነው፣ ልቅር?"

አትቅር፣ ግን ስትመዘገብ ተናገር። እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ከሆነ ከበላህ ከ2 ወይም 3 ሰዓት በኋላ እንቀጥርሃለን። ጥናት ላይ የምትሳተፍ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ጊዜ በጾም ወይ ሁለቱንም ጊዜ በፍስክ መሆን አለበት፣ አንዱን እንዲህ አንዱን እንዲያ ካደረግን ለውጡ ከልምምዱ ይምጣ ከምግቡ ማንም አያውቅም።

"ላቦራቶሪ መምጣት ለማንችልስ?"

የ12 ደቂቃ ሩጫ! በ1968 ኬኔት ኩፐር የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ያሳተመው ነው። ሜዳ ፈልጉ፣ 12 ደቂቃ ሙሉ የቻላችሁትን ያህል ሩጡ፣ የሮጣችሁትን ሜትር ያዙ፣ ከሱ ላይ 504.9 ቀንሱና ለ44.73 አካፍሉ። 400 ሜትሩን መም 6 ዙር የሄደ ሰው 2,400 ሜትር ነው፣ 42 ይወጣለታል። 7 ዙር ከሆነ 51። ቀመሩ የተሠራው ለኛ ከፍታ አይደለም፣ ስለዚ ቁጥሩን ትታችሁ ሜትሩን ብቻ ብትመዘግቡም ይበቃል፣ በየ2 ወሩ እዛው ሜዳ ላይ። ቪኦቱ የሚያሳይ የስፖርት ሰዓት እጃችሁ ላይ ያላችሁ ደግሞ ቁጥሩን እንደ ግምት ብቻ ያዙት።

"220 ሲቀነስ ዕድሜ ትክክል ነው?"

ልብህ በደቂቃ ቢበዛ ስንት ጊዜ ሊመታ እንደሚችል ለመገመት የሚባል ነው፣ ሻካራ ግምት ነው። 208 ሲቀነስ (0.7 ሲባዛ ዕድሜ) የሚለው በ2001 የወጣው ለትልልቅ ሰዎች ይሻላል፣ ለ60 ዓመት ሰው የመጀመሪያው 160 ሲል ሁለተኛው 166 ይላል። በሁለቱም ቢሆን ሰው ከሰው በ10 ምት ቢለያይ የተለመደ ነው።

"የአርሲ ልጆች በደም ነው አይደል የሚሮጡት? በቆጂ ተወልዶ አለመሮጥ አይቻልም ይባላል"

ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። የኛን ሯጮች ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2003 ያሳተሙት አለ፣ ማራቶን ሯጮቹ ከሌላው ሰው ይልቅ ከአርሲና ከሸዋ የመጡ ሆነው ተገኙ፣ ደግሞም ልጅ ሆነው ትምህርት ቤት ረጅም መንገድ እየሮጡ የሄዱ ነበሩ። በኋላ በ2005 በእናት በኩል የሚወረሰውን ዲኤንኤ አይተው ሯጩን ከሌላው የሚለይ ነገር አላገኙም። በቆጂ 2,800 ሜትር ላይ ናት፣ ከፍታው ይረዳል፣ ግን እነ ደራርቱ እነ ቀነኒሳ ባሉበት ሰፈር ያደገ ልጅ ጠዋት 12 ሰዓት ብርድ ላይ ወጥቶ ሲሮጥ ማንም አያስደንቀውም፣ አሠልጣኝም አብሮ የሚሮጥም አለው። "በደም ነው" ሲባል ያ ሁሉ ልፋት የተረሳ ይመስለኛል፣ እኔን በጣም ነው የሚያመኝ።

ደግሞ ቪኦቱ ብቻውን አያሸንፍም። ኦስካር ስቬንድሰን የሚባል የኖርዌይ ብስክሌተኛ በ2012 97.5 ተለክቷል፣ ከዛ በላይ የተለካ ሰው እምብዛም የለም፣ በ2 ዓመት ውስጥ ግን ስፖርቱን ተወው። በዛው ፍጥነት እየሮጠ ትንሽ ኦክስጅን የሚጨርስ ሯጭ ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ሊቀድም ይችላል።

"አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው፣ ይዣቸው ልምጣ?"

መጀመሪያ ሐኪማቸው ጋር ይሂዱ፣ ትሬድሚል ላይ እስከመጨረሻ አናስሮጣቸውም። ለሳቸው የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ አለ፣ 30 ሜትር ኮሪደር ላይ ወዲህ ወዲያ በራሳቸው ፍጥነት ይራመዳሉ፣ ሲደክማቸው ቆም ይላሉ፣ ስንት ሜትር እንደሄዱ እንቆጥራለን። መድኃኒታቸውን እንዳይተዉ፣ ምቹ ጫማ ያድርጉ፣ ስኳራቸው ድንገት ቢወርድ ከረሜላ ኪስ ውስጥ ይኑር።

"ጥናት ላይ ፈርሜያለሁ፣ መሃል ላይ ብተው ይቀየሙኛል?"

ማንም የመቀየም መብት የለውም። የፈረምሽው ወረቀት ላይ ራሱ ተጽፏል፣ በፈለግሽ ሰዓት ምክንያት ሳትሰጪ መውጣት ትችያለሽ፣ ውጤትም አገልግሎትም አይነካብሽም፣ መምህርሽ ቢሆንም እንኳ ጥናቱን የሚሠራው። ትሬድሚሉ ላይ ሆነሽ ከሆነ ደግሞ እጅሽን ብቻ አንሺ፣ እኔ ቀዩን ቁልፍ እጫናለሁ።