መልስ፦ የተረፉትን የድራማ ክበብ አባላት ምን ላድርጋቸው?

ወንድሜ፣ «24 አባላት አሉን፣ ለወላጆች ቀን የመረጥነው ድራማ ግን የ6 ሰው ነው፤ ሌሎቹን ላሰናብት ወይ?» ብለሃል። እባክህ ማንንም እንዳታሰናብት! እኔ 10ኛ ክፍል እያለሁ ደብዳቤ አድርሶ የሚወጣ ልጅ ሆኜ ነበር። አንዲት መስመር ብቻ። እናቴ እስከ ዛሬ በቃሏ ትላታለች።

የገበያ ትዕይንት ጨምሩበት። ሽንኩርት ሻጯ፣ ተሸካሚው፣ በዋጋ የሚከራከረው፤ ስምንት ሰው በአንዴ ቦታ አገኘ። አንዱ ድርሰቱን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ይቀመጥ። ተዋናዩ ቃል ሲጠፋው ሹክ የሚለው እሱ ነው። ጋቢና ከዘራ ከየቤቱ የሚሰበስብም ያስፈልጋል። መጻፍ የሚወድ ካለ የገበያውን ንግግር ለእሱ ስጠው። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ተውኔት መጻፍ የጀመረው አምቦ ተማሪ ሳለ ነው።

ድምፅ ላይ ግን ጨክን። ሜዳ ላይ ነፋስ አለ፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንድ ማይክ ለሁሉም አይደርስም። ልጆቹን ሰንደቅ ዓላማው ጋ አቁመህ አንተ ዋናው በር ጋ ሂድ። እዚያ ካልተሰማህ ወላጆችም አይሰሙም። ልምምዱን ደግሞ በግንቦት ጨርሱ፤ ሰኔ የፈተና ነው።