በመታወቂያ የተጠቀለለ ለውዝ

ይድረስ ለጅማ ልጆቼ፣

ባለፈው ሐሙስ ከሂርማታ ገበያ ስመለስ ከአንድ ልጅ ለውዝ ገዛሁ። እንደተለመደው በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ሳህን ላይ ስገለብጠው ወረቀቱ ላይ አንዲት ሴት ታየኛለች። የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ነው። ስሟ አለ፣ የአባቷና የአያቷ ስም አለ፣ የቤት ቁጥሯ አለ። ከታች በእስክሪብቶ ስልኳ ተጽፏል። የለውዙ ቀይ ቅርፊት ግንባሯ ላይ ተጣብቋል።

ይቺ ሴት አንድ ቦታ ጉዳይ ነበራት። “ኮፒ አምጪ” አሏት፣ አመጣች። ጉዳዩ አለቀ። ወረቀቱ ግን ከመደርደሪያ ወደ ጆንያ፣ ከጆንያ ወደ ለውዝ ሻጩ ልጅ ሄደ። እኔ ደግ ሰው ሆኜ ቀደድኩት እንጂ ያን ስልክ ይዞ “ከባንክ ነው የምደውለው፣ እትዬ እገሊት አይደሉም?” የሚል አይጠፋም ነበር።

እኔ 34 ዓመት ስልክ ላይ የሠራሁ ሴት ነኝ። በኦፕሬተርነት ጀምሬ በቴክኒሻንነት ጡረታ ወጣሁ። የሰፈር ልጆች ስልካቸው ሲያስቸግራቸው እኔ ጋ ይመጣሉ። “እትዬ፣ ይሄ ስልክ ለምን ይግላል?” ይሉኛል። በዜና ስለሚሰሟቸው ቃላት ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ዳታ ጥበቃ፣ ሜታዳታ፣ ኢንክሪፕሽን ሲባል “የአዲስ አበባ ሰዎች ወሬ” ብለው ያልፉታል።

አባቴ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ይሸጥ ነበር። ገዢው እጁን ጆንያው ውስጥ ይከትና አንድ ፍሬ በጥርሱ ሰበር አድርጎ “እርጥበት አለው” ይላል። በዚያች ቃል ከየጆንያው ዋጋ ይቀነሳል። አባቴ ዝም። እርጥበት በመሣሪያ የሚለካ ቁጥር መሆኑን፣ የደረቀ ቡና 11 እና 12 በመቶ አካባቢ ሲሆን እንደሚመረጥ የሰማሁት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። “ስንት በመቶ?” ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመልሱለት ነበር? እስካሁን ያናድደኛል። እነዚያን የዜና ቃላት አውቃችሁ እንድትጠይቁ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም በሱ እልህ ነው።

ከመታወቂያው እንጀምር። የግል ዳታ የሚባለው እናንተን ለይቶ የሚያሳውቅ ማንኛውም ነገር ነው። ስም፣ ስልክ፣ ፎቶ፣ አሻራ፣ ያላችሁበት ቦታ። የጤናችሁና የሃይማኖታችሁ ጉዳይ ደግሞ ጥንቃቄው የሚጠብቅበት ዓይነት ነው። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ ብዙ ገጽ ነው። እኔ የያዝኩት ግን ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ ዳታ የሚሰበሰብበት ዓላማ መታወቅ አለበት፤ ለአንድ ጉዳይ የሰጠኸው ለሌላ አይውልም። ሌላው፣ ዓላማው ካለቀ በኋላ እንደ እናት ጥሎሽ አይቀመጥም። የለውዝ መጠቅለያዋ ሴት በሁለቱም በኩል ተበድላለች። ስለኔ ምን ይዛችኋል ብሎ መጠየቅ፣ የተሳሳተውን ማስተካከል፣ አጥፉልኝ ማለትም መብት ሆኖ ተጽፏል። ማን ሲጠይቅ አያችሁ?

ፈቃድ የሚለው ቃልም እዚሁ ይመጣል። አንድ መተግበሪያ ስትጭኑ “እስማማለሁ” የሚለውን ሳታነቡ ትነኩታላችሁ። እኔም እነካዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን የባትሪ መብራት የሚሆን መተግበሪያ የስልክ ማውጫዬን ልይ ሲለኝ እምቢ እላለሁ። መብራት ለማብራት የእህቴን ቁጥር ምን ያደርግለታል?

አሁን የኔ ሙያ ወደሆነው ልምጣ። ሜታዳታ።

በ1970ዎቹ የርቀት ጥሪ በኛ እጅ ነበር የሚያልፈው። ሰው ይመጣል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ እኛ እናገናኛለን። ደንቡ “አታዳምጪ” ይላል፣ አላዳምጥም ነበር። (እሺ፣ መስመሩ ደህና መሆኑን ለማወቅ አልፎ አልፎ ጆሮዬን ጣል አደርግ ነበር።) ማን ለማን እንደደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ፣ ሁሉንም ካርድ ላይ እንጽፋለን። ሒሳቡ የሚሠራው በሱ ነዋ። አንድ የቡና ነጋዴ በማለዳ ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ካስደወለ ዋጋ ተንቀሳቅሷል። አንድ ሰው ድንገት በተከታታይ ሆስፒታል ካስደወለ ቤቱ ሰላም አይደለም። አንድ ወጣት መምህርም ነበር። ማታ ማታ ነቀምቴ ይደውላል፤ 3 ደቂቃ፣ ሁልጊዜ 3 ደቂቃ። አንድ ቀን 20 ደቂቃ አወራ። ሒሳቡን ሲከፍል ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ ወዲያ ነቀምቴ ደውሎ አያውቅም። ምን እንደተባባሉ አንዲት ቃል አልሰማሁም። መስማት ያስፈልገኝ ነበር?

ሜታዳታ ማለት ያ ካርድ ነው። የመልእክቱ ይዘት ሳይሆን የመልእክቱ ዙሪያ ነው። “የምንሰበስበው ሜታዳታ ብቻ ነው” የሚል ድርጅት ስሰማ ያ መምህር ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ይዘቱን የሚደብቀው ኢንክሪፕሽን ነው፤ ምስጠራ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባል ደግሞ ቁልፉ ያለው በላኪውና በተቀባዩ ስልክ ብቻ ነው። መሐል ላይ ያለው ኩባንያ ራሱ ከፍቶ አያነበውም። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። ቴሌግራም ላይ ግን ብዙዎቻችሁ ተሸውዳችኋል። ተራው የቴሌግራም ቻት በመንገድ ላይ ይመሰጠራል፣ ነገር ግን የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር፣ ማለትም በራሱ ኮምፒውተር ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሆነው ራሳችሁ የምትከፍቱት ሚስጥራዊ ቻት ብቻ ነው፤ ያውም በሁለት ሰው መካከል። ግሩፕና ቻናል ይህ የላቸውም። የእድር ግሩፕ ላይ የባንክ ደብተሩን ፎቶ የለጠፈው ጎረቤቴ ይህን ስነግረው “ግን እኮ ቁልፍ ምልክት አለው” አለኝ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ በጣም አስተማማኝ የሚባለው ምስጠራም ያንን ካርድ አይደብቅም። ማን ለማን እንደላከ ከመሐል ሆኖ ማወቅ ይቻላል።

የኔት ገለልተኝነት የሚባለውን ቶሎ ልበለው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ2003 ያስተዋወቀው ቲም ዉ የሚባል አሜሪካዊ የሕግ ምሁር ነው። ነገሩ ኬላ ነው። ኬላ ላይ ያለው ሰው የጫናችሁትን በኪሎ ያስከፍል እንጂ “የእገሌ ቡና በነፃ ይለፍ፣ ያንተ ይቆይ” ማለት የለበትም። ኢንተርኔት የሚያቀርበውም ሁሉንም ድረ ገጽ እኩል ያሳልፍ ነው ክርክሩ። ለተወሰኑ መተግበሪያዎች ብቻ የሚሸጥ ርካሽ ጥቅል ይህን ይነካል ወይስ አይነካም? ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ይነካል ብላ ከለከለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ደንቡን አወጣች፣ በ2017 ሻረችው፣ በ2024 መለሰችው፣ በ2025 መጀመሪያ ፍርድ ቤት ጣለው። እኔ ደግሞ በጡረታ ገንዘብ ጥቅል የምገዛ ሴት ስለሆንኩ ርካሹን እገዛለሁ። ግን የሶሻል ሚዲያ ጥቅል ብቻ ያለው ተማሪ ኢንተርኔት ማለት ቲክቶክ ይመስለዋል፤ ይህ ያሳስበኛል።

ሐሰተኛ መረጃ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሊያሳስራችሁ ይችላል። አምና ክረምት የወንድሜ ልጅ “አዌቱ ሞልቶ ድልድዩን ወሰደው” የሚል ፎቶ ሼር አደረገ። ፎቶው የሌላ አገር ነው፤ ከኋላ የሚታየው የመኪና ታርጋ እንኳ የኛ አይደለም። ሁለት ባጃጅ ግን ተሳፋሪ ይዞ ዞሮ ሄደ። ሆን ብሎ የዋሸና ሳያውቅ ያስተላለፈ ሰው በፖሊሲ ቋንቋ አንድ አይደሉም። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ውሸት መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ሊያውቅ ሲገባው፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍ ያለ ነገር ያሰራጨውን ነው። የአዌቱ ወሬ እዚያ ይደርሳል ብዬ አላስብም። “ሊያውቅ ሲገባው” የምትለዋ ሐረግ ግን ሰፊ ናት፣ እኔን ታስፈራኛለች። አዋጁ ላይክና ታግ ማድረግን ከማሰራጨት አውጥቷቸዋል። ሼርን አላወጣም። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል፤ እስከ 3 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር። ስለዚህ ተከታይ በዛልኝ ብሎ የሚደሰት ልጅ ኃላፊነቱም አብሮ እንደበዛ ይወቅ።

የኢንተርኔት መዘጋት ለናንተ አዲስ አይደለም። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ጠፍቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ከዚያ በፊትም የ2008 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ከሾለከ በኋላ በፈተና ሰሞን ይዘጋ ነበር። እዚህ ላይ ግን ሦስት ነገር ትቀላቅላላችሁ። መስመሩ በሙሉ ሲቋረጥ መዘጋት ነው። አንድ መተግበሪያ ብቻ ሲከለከል እገዳ ነው። መስመሩ እያለ ሆን ተብሎ እንደ ኤሊ ሲሄድ ደግሞ ማንቀራፈፍ ነው። ቪፒኤን፣ መስመራችሁን ሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር በኩል አዙሮ የሚያሳልፈው መተግበሪያ፣ ለታገደ ይሠራል፣ ለተዘጋ አይሠራም። በ2012 ክረምት ቪፒኤን ልጫን ብላ በዝናብ ቤቴ የመጣች ልጅ ነበረች። የምትጭነውን ቪፒኤን ራሱን በምን ታወርደው?

ብሔራዊ መታወቂያውን፣ ፋይዳን፣ ሳላነሳ ብቀር ትታዘቡኛላችሁ። አሥር ጣታችሁን፣ ዓይናችሁንና ፊታችሁን ሰጥታችሁ የምትቀበሉት 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። የተሠራበት ሶፍትዌር ሞሲፕ ይባላል፤ ክፍት ምንጭ ነው፣ ማለትም ኮዱን የቻለ ሁሉ ማየት ይችላል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ስንት ሰው መታወቂያ አጥቶ ተንከራትቷል። ግን የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል። ጣት አይለወጥም።

ሰኞ ዕለት ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ሱቅ ሲም ካርድ ላወጣ ገባሁ። ኮፒ ተጠየቅሁ። እስክሪብቶ አወጣሁና በኮፒው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ “ለሲም ካርድ ማውጫ ብቻ” ብዬ ጻፍኩበት፣ ቀኑንም ጨመርኩ። ስሜና ፎቶዬ ይነበባሉ። ልጁ ወረቀቱን አገላብጦ አየውና “ማዘር፣ ኮፒውን አበላሹት እኮ” አለኝ። “ለለውዝ እንዳይሆን ነው” አልኩት። አልገባውም፣ ግን ተቀበለኝ።