ስለ አስፕሪኑ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የምንልበት ቀን ያድርሰን። የመጀመሪያ ልጅሽን በእርግዝና ደም ግፊት (ፕሪኤክላምፕሲያ በሚሉት በሽታ) ምክንያት በ33ኛው ሳምንት በኦፕራሲዮን ወልደሻል። አሁን 11 ሳምንትሽ ነው። ሐኪሙ "አስፕሪን ጀምሪ" ሲልሽ እናትሽ "ደም ያቀጥናል፣ ያስወርድሻል" ብለው ከልክለውሻል። እኔም በዚሁ አልፌያለሁና የሆነውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያው እርግዝናዬ 31ኛው ሳምንት ላይ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ክትትል ለማደርግበት ቦታ ስናገር "የእርግዝና ነው፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ" ተባልኩ። የዚያን ዕለት ግፊቴን የለካኝ የለም፣ ሽንትም አልሰጠሁም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከአሥር ቀን በኋላ ራሴን ያመኝ ጀመር። ቡና ጠጣሁ፣ አልለቀቀኝም። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ አለብኝ። በቀኝ ጎድኔ ሥር የጀመረኝን ሕመም ጨጓራ ነው ብዬ ተውኩት። ሆስፒታል ስደርስ 170/115 ነበርኩ። እንዳያንቀጠቅጠኝ ብለው ማግኒዥየም ሲሰጡኝ ሰውነቴ በሙቀት ነደደ። ልጄ 1.6 ኪሎ ሆና ተወልዳ ሦስት ሳምንት ሙቀት ክፍል ቆየች።

ሁለተኛውን ሳረግዝ የእኔም እናት እንደ እናትሽ ነው ያለችው። ሐኪሜ ግን በደንብ አስረዳኝ። በሽታው የሚታየው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ቢሆንም ሥሩ ቀድሞ ነው የሚጀምረው። የእንግዴ ልጁን የሚመግቡት የማህፀን ደም ሥሮች በመጀመሪያዎቹ ወራት መስፋት አለባቸው። በደንብ ካልሰፉ እንግዴ ልጁ ደም ያጥረዋል። ያኔ የእናትን ደም ሥር የሚጎዱ ነገሮች ወደ ደሟ ይለቃል። አስፕሪኑን ከ16ኛው ሳምንት በፊት ጀምሪ የሚሉሽ ለዚህ ነው። አንቺ ገና ጊዜ አለሽ፣ አታባክኚው።

በ2017 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች ለበሽታው የተጋለጡ እናቶች ማታ ማታ 150 ሚሊግራም አስፕሪን እስከ 36ኛው ሳምንት ወሰዱ። አስፕሪን ከወሰዱት 798 እናቶች ከ37 ሳምንት በፊት በበሽታው የተያዙት 13 ናቸው። ባዶውን ኪኒን ከወሰዱት 822 ውስጥ ግን 35። የጎላ ተጨማሪ ጉዳትም አልታየም። ለእናትሽ ይህንን ንገሪያቸው። ፍርሃታቸውን ግን አትናቂባቸው። ለራስ ምታት የሚዋጠው 500 ሚሊግራም ሌላ ነገር ነው። የጨጓራ ቁስል፣ አስም ወይም የመድማት ችግር ካለብሽ ከመጀመርሽ በፊት ለሐኪሙ ተናገሪ። መጠኑንም እሱ ይወስን፤ 75 የሚያዝም፣ 81 የሚያዝም፣ 150 የሚያዝም አለ።

ካልሲየምም ጠይቂው። ከምግባቸው በቂ ካልሲየም ለማያገኙ ነፍሰ ጡሮች የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይመክራል። በ2024 የታተመ በሕንድና በታንዛኒያ የተሠራ ጥናት ደግሞ ይህንን በሽታ በመከላከል በቀን 500 ሚሊግራሙ ከ1500ው እንደማያንስ አሳይቷል። ኪሷ ለማይፈቅድላት እናት ትልቅ ነገር ነው። ከአይረኑ ጋር ግን አንድ ላይ አትዋጪው፣ ሰዓቱን አራርቂው።

አስፕሪኑ ሁሉን ይከለክላል ብዬ አልዋሽሽም። እኔ በ12ኛው ሳምንት ጀምሬ በ36ኛው አቆምኩ። በ37ኛው ግፊቴ 144/92 ሆነና አዋለዱኝ። ልጄ 2.9 ኪሎ ነበር፣ በማግስቱ አቅፌው ቤቴ ገባሁ። ያኔ በጊዜ የታወቀልኝ ቤት የግፊት መለኪያ ስለነበረኝ ነው። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለሽ፣ ጀርባሽን አስደግፈሽ፣ ክንድሽን በልብሽ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፈሽ ለኪ። 140/90 ከደረሰ በዚያው ቀን ሂጂ። 160/110 ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ተነሺ።

ደግሞ ከወለድኩም በኋላ አልተወኝም። በአምስተኛው ቀን፣ ገንፎው እየተገነፋ፣ ራሴን ፈለጠኝ። ጠያቂዎቹ "ብርድ መትቷት ነው" ብለው ደራረቡብኝ። እናቴ ግን መለኪያውን አመጣች። ያቺ "ያስወርድሻል" ያለችኝ እናቴ፣ በእርግዝናዬ ወቅት መለካት አስተምሬያት ነበር። 158/104። ዕቃውን እንኳ ሳታስቀምጥ ታክሲ ጠራች። አንቺም ከመውለድሽ በፊት እናትሽን አስተምሪያቸው።