መልስ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ወይስ አዲስ አበባ ኦዲት ድርጅት?

እህቴ፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ኮምቦልቻ ካገኘሽው የፋብሪካ ሥራና አዲስ አበባ ካለው ትልቅ የኦዲትና ማማከር ድርጅት የቱ ይሻላል ብለሻል። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ። አዲስ አበባ ሂጂ ነው የምልሽ፤ ግን አውቀሽው ሂጂ።

ሥራው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይከብድም። የብዙ ደንበኞች በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያን ሰሞን መጋዘን ገብተሽ የዕቃ ቆጠራ ትታዘቢያለሽ። ከዚያ የግብር ማስታወቂያው ጊዜ ጥቅምት 30 እስኪያበቃ ማምሸት ነው፤ ቅዳሜም ቢሮ ነሽ። እንቁጣጣሽና መስቀል እዚያው መሃል ይውላሉ። "ደሴ ደርሼ ልምጣ" ስትዪ መልሱ "ትንሽ ቆዪ" ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኝ ነበር። የትርፍ ሰዓት ክፍያ መኖሩን ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ፣ በጽሑፍ።

ትምህርቱ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ባንክ፣ ነገ ቢራ ፋብሪካ፣ ሌላ ጊዜ የእርዳታ ድርጅት ታያለሽ። የሠራሽውን ሲኒየሩ፣ ቀጥሎ ማናጀሩ እየመረመረ በጥያቄ ይመልስብሻል። መጀመሪያ ያማል፤ ቆይተሽ ግን አንድ ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳትጠይቂ ማለፍ ያቅትሻል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ 847/2006 ከወጣ ወዲህ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀት ደረጃ) የሚያውቅ ሰው ተፈላጊ ነው። ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ካሰብሽም ከ13ቱ ፈተናዎች ሌላ የ36 ወር ልምድ ይጠይቃል፤ ኦዲት ለዚህ ይሆንሻል።

የጀማሪ ደመወዝ ከአዲስ አበባ ኪራይ ጋር ይታገላል። ዘመድ ቤት የምታርፊ ከሆነ አብሽሪ፣ ትችይዋለሽ። ውሉ ሲደርስሽ የከበደሽን አንቀጽ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።