ፔስት ወይስ ሶልደር? ክዳኑን ከማስከፈትህ በፊት

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝተሃል፤ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል አይ ሰቨን 4790 ነው። የሠርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት ስታደርግ ሙቀቱ 98 ዲግሪ ይገባል፤ ማሽኑም ይንቀራፈፋል። ማሽኑን ያሳየኸው ልጅ ደግሞ «ፔስት ጊዜያዊ ነው፤ ክዳኑን ከፍተን ውስጡን ሶልደር እናድርገውና ትገላገላለህ» ብሎሃል። የቱ ይሻላል ነው ያልከው። ፔስት ሙቀት የሚያሳልፍ ቅባት ነው፤ ሶልደር ደግሞ ቀልጦ የሚያጣብቅ ብረት።

ፔስቱን ቀይር። ክዳኑን አታስነካ። ለምን እንደሆነ ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ፤ ይሄን ነገር የተማርኩት በኪሴ ነው።

ፕሮሰሰርህን ስታወጣው ከላይ የምታየው ብርማ ነገር ቺፑ አይደለም። ክዳን ነው፤ ኒኬል የተቀባ መዳብ። ቺፑ ከሱ ስር ተደብቋል፤ የ4790 ቺፕ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። እና ሙቀቱ ሁለት ቦታ ላይ መሻገር አለበት፦ ከቺፑ ወደ ክዳኑ፣ ከዚያ ከክዳኑ ወደ ኩለሩ፣ ከላይ ወደሚቀመጠው ማቀዝቀዣ። ሶልደር የሚባለው የመጀመሪያው ቦታ ላይ ነው። የሚሠራውም ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ላይ ያለው ፔስት ነው፤ የኔም ሆነ የሌላው ጠጋኝ ሥራ እዚያ ላይ ነው። «ፔስት ወይስ ሶልደር» የሚባል ምርጫ ሱቅ ውስጥ የለም። ፕሮሰሰሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ያለቀ ነገር ነው።

ልጁ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ሶልደር ሙቀት በማሳለፍ ከፔስት በጣም ይበልጣል። ፋብሪካው የሚጠቀምበት ኢንዲየም የሚባል ለስላሳ ብረት ነው። ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በመለኪያው (ዋት በሜትር በኬልቪን) 80 ገደማ ነው። መዳብ 400 ገደማ። ጥሩ ፔስት እሽጉ ላይ 8 ወይ 9 ብሎ ቢጽፍ ነው። አየር ደግሞ 0.03 እንኳ አይሞላም። የአየሯን ቁጥር ያዛት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ኢንቴል ራሱ በዚህ ነገር ወዲያ ወዲህ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው 2600 የሚባለው አይ ሰቨን ክዳኑ በሶልደር የተያዘ ነው። በ2012 የመጣው 3770 ላይ ወደ ፔስት ዞሩ። ያንተ 4790 የ2014 ነው፤ ፔስት። እስከ 8700 ድረስ እንዲሁ ቀጠለ። በ2018 መጨረሻ 9900ኬ ሲመጣ ሶልደሩን መለሱት። ተፎካካሪው ኤኤምዲ ራይዘን በሚላቸው ፕሮሰሰሮቹ ከ2017 ጀምሮ አብዛኛውን በሶልደር ነው የሠራው፤ እንደ 2200ጂ እና 2400ጂ ያሉት ግን ፔስት ናቸው።

ልዩነቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ብሔራዊ አካባቢ ባለችው ጠባብ ሱቄ ጠረጴዛ ላይ አንድ 2600 እና አንድ 3770 ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር። ተመሳሳይ ኬዝ፣ ተመሳሳይ ኩለር፣ ከአንድ ቲዩብ የወጣ ፔስት። 2600 በወረቀት 95 ዋት ነው፤ 3770 ደግሞ 77። ትንሽ የሚበላው ቀዝቀዝ ይላል ትላለህ አይደል? የበለጠ የሞቀው 3770 ነበር። አንዱ ምክንያት ቺፑ ማነሱ ነው፤ ከ216 ካሬ ሚሊሜትር ወደ 160 ወርዷል። ያው ሙቀት በጠባብ በር ሲወጣ ይጨናነቃል። ሌላው ከክዳኑ ስር ያለው ፔስት ነው። እሱም ቢሆን ጥፋቱ የፔስቱ ብቻ አይደለም። ክዳኑን ዙሪያውን የያዘው ጥቁር ሙጫ ትንሽ ከፍ አድርጎ ስለሚያስቀምጠው ፔስቱ ይወፍራል። ወፍራም ፔስት ብርድ ልብስ ነው።

ያኔ ልቤ አበጠ። ዩቲዩብ ላይ ክዳን ሲከፍቱ አየሁ፤ ምላጭ ገዛሁ። የመጀመሪያው 3770 ተሳካልኝ። ምላጩን በአንዱ ማዕዘን አስገብቼ፣ ሙጫውን እንደ ፖስታ ዙሪያውን ቀደድኩት። ውስጡ ያለው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈር ነበር። አዲስ ቀባሁት፤ ወደ 12 ዲግሪ ወረደ። ሦስት ቀን ለአገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ።

ሁለተኛው የደንበኛ ነበር። ምላጩ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ዘልቆ ገባ። ድምፅ የለው፣ ምን የለው። አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት ብቻ ቀረች። ሰሌዳው ውስጥ መስመሮች አሉ፤ አንዷን በጥሻለሁ። ማሽኑ ዳግመኛ አልተነሣም። ሌላ ፕሮሰሰር ገዝቼ ተካሁለት፤ የዚያን ወር ኪራይ ተበድሬ ነው የከፈልኩት። ከዚያ ወዲህ ምላጭ ሱቄ ውስጥ ለስቲከር መላጫ ብቻ ነው ያለው።

እሺ፣ ልጁ ጎበዝ ነውና ክዳኑን በሰላም ከፈተው እንበል። ሶልደሩን በምን ሊያጣብቀው ነው? የቺፑ ጀርባ ሲሊከን ነው፤ ሶልደር አይዘውም። ብርጭቆ ላይ ሶልደር እንደማቅለጥ ነው፤ ድቡልቡል ብሎ ይንከባለላል። ፋብሪካው መጀመሪያ ቺፑ ላይ ስስ የብረት ንጣፎች ያለብሳል፤ ላይኛው ወርቅ ነው። ክዳኑም በዚያው ልክ ይዘጋጃል። ከዚያ ኢንዲየሙ በ157 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ አየር ሳይቀር በእኩል ውፍረት እንዲረጋ ይደረጋል። ላንተ 4790 ይሄ ንጣፍ አልተሠራለትም። ለሬዲዮ የምንጠቀምበት ተራ ሶልደር ደግሞ 183 ዲግሪ ይፈልጋል። ልጁ ያሰበው ሊኩዊድ ሜታል ከሆነ ያ ሌላ ነገር ነው። ጋሊየም ያለበት ፈሳሽ ብረት ነው፤ ይሠራል። ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አሉሚኒየም ከነካ ደግሞ ይበላዋል። ርካሽ ኩለሮች ታችኛው ፊታቸው አሉሚኒየም ነው።

በነገራችን ላይ ሶልደርም ተአምር አይደለም። 9900ኬ በሶልደር ወጥቶ እንኳ ክዳኑን ከፍተው፣ ሶልደሩን ጠርገው፣ ቺፑን በአሸዋ ወረቀት አቅጥነው ሊኩዊድ ሜታል የቀቡ ሰዎች ተጨማሪ ዲግሪ አውርደዋል።

አሁን ወዳንተ ማሽን። 4790 መቶ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሚንቀራፈፍብህ ለዚያ ነው። ይታይህ፣ ውሃ አዲስ አበባ ውስጥ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ፕሮሰሰርህ እዚህ ከተማ ከፈላ ውሃ በላይ ሞቋል።

እኔ እንደምገምተው ጥፋቱ ከክዳኑ በላይ ነው። ፋብሪካው ውስጡን ፔስት አድርጎም ማሽኑ ሲሸጥ ደህና ይሠራ ነበር። ዛሬ 98 የገባው ወይ ላይኛው ፔስት ስለደረቀ ነው፣ ወይ ኩለሩ ስላልተቀመጠ፣ ወይ አቧራ ስለዘጋው።

ኩለሩን አውጣና ታችኛውን ፊት ተመልከት። የድሮው ፔስት በመሃል ሳስቶ በአንድ ጎን ብቻ ወፍሮ ከተገኘ ኩለሩ ዘንበል ብሎ ነበር ማለት ነው። ያቺ የአየር ቁጥር እዚህ ትመጣለች። ሁለት ብረት ስታገናኝ ለዓይን ልሙጥ ይመስላል እንጂ በመሃል ጭረትና ጉድጓድ አለ፤ አየር ይሞላዋል። የፔስት ሥራ አየሩን ማስወጣት ነው። በቃ። ስለዚህ በጣም ውዱን ፔስት አትፈልግ። በተራውና በውዱ መካከል እኔ ያየሁት ልዩነት ሦስት አራት ዲግሪ ነው። በደረቀና በአዲስ መካከል ግን 20 ዲግሪ አይቻለሁ። የጥርስ ሳሙና የቀባም ሰው መጥቶብኝ ያውቃል። አንድ ሳምንት ሠርቶለታል፤ ከዚያ ደረቀና ከበፊቱ ባሰ።

አሮጌውን በአልኮል ጥረግ፤ የፋርማሲውም ይሆናል፣ በደንብ እስኪደርቅ ግን ጠብቅ። ሶፍት አትጠቀም፣ ብናኝ ይተዋል፤ የመነጽር ጨርቅ ይሻላል። አዲሱን መሃል ላይ የአተር ፍሬ ያህል አድርግ፤ በጣትህ አትለቅልቀው። ኩለሩ ራሱ ይዘረጋዋል።

ከሁሉ በላይ የኩለሩን አራት የፕላስቲክ እግሮች ጠርጥራቸው። ኦሪጅናል ኩለር ከሆነ አራት ማዕዘን ላይ የሚጫኑ እግሮች አሉት። ጎን ለጎን ሳይሆን በሰያፍ ተጫናቸው፤ እያንዳንዱ «ጠቅ» ማለት አለበት። ከዚያ ማዘርቦርዱን ገልብጠህ ከጀርባ እይ። አራቱም ነጭ ጫፎች ተሰንጥቀው ወጥተው፣ ጥቁሩ ምሰሶ በመሃላቸው መታየት አለበት። ሞቀብኝ ተብለው ከሚመጡልኝ ማሽኖች ብዙዎቹ ላይ አንዱ እግር ተንጠልጥሎ ነው የማገኘው። ያገለገለ ዕቃ መንገድ ላይ ብዙ ይንገላታል።

አቧራውን መቼም አልነግርህም፤ ከተማው በቁፋሮ ላይ ነው። ፋኑን ፈትተህ በፊኖቹ፣ በኩለሩ ስስ የብረት ክንፎች፣ መካከል እይ፤ ብዙ ጊዜ ጥጥ የመሰለ ምንጣፍ ተነጥፎ ታገኛለህ። ሌላም አለ። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ ያው ቢሽከረከርም የሚነዳው አየር ቀላል ነው፤ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ዱባይ ወይ አውሮፓ ያለ ሰው በዚሁ ኩለር 70 ዲግሪ አየሁ ቢልህ አትደናገጥ፣ አንተ 75 ብታይ ችግር የለውም። ደግነቱ ክፍላችን ቀዝቃዛ ነው።

ይሄን ሁሉ አድርገህ አሁንም 90 ካለፈ ማሽኑ ሲነሣ የሚከፈተው ማስተካከያ ገጽ (ባዮስ) ገብተህ ተርቦውን፣ ፍጥነቱን ከመደበኛው በላይ የሚያደርገውን፣ ዝጋ። ከፍተኛው ፍጥነት ከ4.0 ወደ 3.6 ጊጋኸርዝ ይወርዳል። የአንድ ሰዓት ኤክስፖርት ጥቂት ደቂቃ ይጨምርብሃል፤ ሙቀቱ ግን ደህና ይወርዳል።

ኩለሩን ስታወጣ የታችኛውን ፊት ፎቶ አንሥተህ ሳትጠርገው እዚህ ለጥፈው። የማዘርቦርዱን ጀርባም ጨምር፣ እግሮቹን ልያቸው።